ከአባት የተወረሰ ሁለት አፍ ጠመንጃ፤ ስለ ምርመራውና ስለ ዋጋው

በጎጃም አገር ሰው ሞቶ ተዝካሩ ከወጣ በኋላ፥ ወራሾች በሽማግሌ ፊት ለክፍያ በተቀመጡ ጊዜ፥ ርስቱ በገመድ ይለካል፤ ከብቱ ይቈጠራል፤ እህሉ በቁና ይሰፈራል። ጠመንጃው ግን አይከፈልም። አንዱ ወራሽ ሰደፉን ሌላው አፈ ሙዙን ይዞ ሊሄድ አይችልምና። ይልቁንም ጠመንጃው አሮጌ ሁለት አፍ የሆነ እንደ ሆነ ክርክሩ ይረዝማል። አንደኛው ልጅ፥ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለአያታችን በእጃቸው የሸለሙት ነውና በገንዘብ አይተመንም ይላል፤ ሁለተኛው፥ የዛገ ብረት ነው፥ ለቀጥቃጭ ይሰጥ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ በገበያ ዋጋ የጠራለትን ነጋዴ ቃል ይዞ ይሟገታል። ሦስቱም ሳይመረምሩ የሚናገሩ ናቸው። ነገሩ ግን ተመርምሮ ሊታወቅ የሚችል ነው፤ ብረቱ በላዩ የተጻፈ ምስክርነት አለውና፤ የአገሩም ታሪክ ያንን ምስክርነት ለመፍታት ይረዳል።

ሁለት አፍ የተባለው፥ ሁለት የብረት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ተበይደው በአንድ ሰደፍ ላይ የተቀመጡበት ጠመንጃ ነው። በአውሮፓ የተሠራው ለጦር ሳይሆን ለአደን ነው፤ የውስጡ ብረት ጥምዝምዝ የሌለበት ልሙጥ ስለ ሆነ የእርሳስ ጠጠር በትኖ ወፍና ጥንቸል ይመታል። በኢትዮጵያ ግን የወፍ መምቻ ሆኖ የኖረበት ዘመን ጥቂት ነው። ባለቤቱ ድፍን አረር እያጎረሰ ለጦርነትም ለትልልቅ አውሬም አውሎታል። እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ በክር እሳት የሚተኰሰው ጠመንጃ በበዛበት አገር፥ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደ ገና ሳያጎርስ ሁለተኛ የሚተኩስ መሣሪያ የያዘ ሰው በሁለት ሰው ዋጋ ይቈጠር ነበር። ስለዚህ የውጭ አገር ሰው ወደ መኳንንት ደጅ ሲመጣ ከሚያቀርበው እጅ መንሻ ሁሉ የሚወደደው ጠመንጃ ነበረ።

ወደ ጎጃምም መሣሪያ የገባው በብዙ በር ነው። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጎጃምን በያዙበት ዘመን ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ በቤታቸው ተቀምጦ ወዳጃቸው ሆኖ ነበር። እኒሁ ደጃዝማች በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ከደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት፥ ጋራ ተዋግተው በጥይት ወደቁ። ከደብረ ማርቆስ የማይርቀው የባሶ ገበያ ደግሞ የዝሆን ጥርስ፥ ወርቅና ቡና ከዐባይ ማዶ እየመጣ የሚሸጥበት የታወቀ ስፍራ ነበረና፥ ከመተማ በኩል የሚወጣና የሚወርደው ነጋዴ የባሕር ማዶውን ዕቃ ወደዚያ ያደርስ ነበር። ራስ አዳል ተሰማም በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ከነገሡ በኋላ በመንቆረር ተቀምጠው የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማውም ከዚያ ወዲህ ደብረ ማርቆስ ተባለ።

የተሸለመ መሣሪያ ግን በአንድ ቤት አይረጋም፤ ይህንም ያልተመለከተ መርማሪ ይስታል። በ1874 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ከንጉሥ ምኒልክ ጋራ ተዋግተው ቈስለው ተማረኩ፤ የሠራዊታቸውም ጠመንጃ በሸዋ ሰው እጅ ገባ፤ ከዚያም ዐፄ ዮሐንስ በሁለቱ መካከል ገብተው የተማረከው መሣሪያ ለእርሳቸው እንዲሰጥ አደረጉ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃም ሠራዊት በደንቢያ በሳር ውኃ ከድርቡሽ ጋራ ገጥሞ ተሸነፈ፤ ከሬሳው ጋራ መሣሪያውም በሜዳ ቀረ። ከዚያ ቀጥሎ ዐፄ ዮሐንስ በንጉሡ ላይ ተቈጥተው ጎጃምን አስመዘበሩ። እንግዲህ በሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ ባየ አገር፥ አንድ ጠመንጃ ከ1873 ዓ.ም. ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ ሳይቋረጥ ወረደ ቢባል፥ ነገሩ የማይሆን ባይሆንም ምስክር ያሻዋል።

ወደ ብረቱ ምስክርነት ከመምጣቱ አስቀድሞ አንድ የጥንቃቄ ነገር አለ። አሮጌ ጠመንጃ ጎርሶ እንደ ተሰቀለ መቶ ዓመት ሊቈይ ይችላል። ባለቤቱ ለሌባ ወይም ለጅብ አጉርሶት በድንገት ቢሞት የሚያወርደው የለምና። ጥቁር ባሩድም እርጥበት ካላገኘው ኀይሉን ለብዙ ዘመን አይለቅም። ከአፉ ለሚጎርሰው ዐይነት መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቀጭን የእንጨት ዘንግ በቧንቧው ውስጥ እስኪቆም ድረስ ይገባና በአፉ ትክክል ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያም ዘንጉ ወጥቶ በቧንቧው ውጭ ጎን ሲለካ እሳት እስከሚገባበት ቀዳዳ ድረስ የማይደርስ ከሆነ፥ በመካከሉ የቀረው ርቀት የባሩዱና የአረሩ መኝታ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ሁለቱም ቧንቧ በየራሱ መፈተን አለበት፤ አንዱ ባዶ ሁለተኛው ጎራሽ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለና። የጎረሰ ሆኖ ከተገኘ የሚያወርደው በዚህ ሥራ የለመደ ሰው ነው እንጂ ወራሹ አይደለም። በሚመረመርበትም ጊዜ ሁሉ አፈ ሙዙ ወደ ሰው አይዞርም።

ቀጥሎ የሚታየው የአተኳኰሱ ዐይነት ነው፤ ይህ ብቻውን ዘመኑን በግምት ይናገራል። ባልጩት የሚነክስ መዶሻ ያለው ከሆነ ጥንታዊ ነው። መዶሻው በትንሽ የመዳብ ቆብ ላይ የሚወርድ፥ ባሩዱም ከአፉ የሚገባ ከሆነ፥ በአውሮፓውያን ቍጥር ከ1820 ዓመት ወዲህ የተስፋፋው ዐይነት ነው። በማጠፊያ ተሰብሮ ከኋላው ቀለህ የሚጎርሰውን ፈረንሳዊው ለፎሼ በ1830ዎቹ አወጣው፤ የርሱ ቀለህ በጎኑ የመርፌ ጫፍ የወጣለት ስለ ነበር በቧንቧው ጀርባ ላይ ለመርፌው የተበጀ ትንሽ ሸንተረር ይታያል። መዶሻው በውጭ የማይታይ፥ በውስጥ የተሸሸገ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ አንሰንና ዲሊ የተባሉት የበርሚንግሃም ሠራተኞች በዚያው ቍጥር በ1875 ካወጡት ሥርዐት ወዲህ የመጣ መሆኑ ይገመታል። (ስለ መሣሪያው ሥራ የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን ቍጥር ነው፤ ዓ.ም. የተባለው የኢትዮጵያ ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ብዙ ሰው አሳስቷል።)

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን በማይታይ ቦታ ነው። ጠመንጃው ተሰብሮ ቧንቧዎቹ ከሰደፉ በተለዩ ጊዜ ከታች በጠፍጣፋው ብረት ላይ ጥቃቅን ማኅተሞች ይገኛሉ። እነዚህ የሠሪው ጌጥ አይደሉም፤ የመንግሥት ሕግ ያቆማቸው የፈተና ቤቶች ማኅተም ናቸው። በዚያ ቤት ቧንቧው ከተለመደው የበዛ ባሩድ ጎርሶ ይተኰሳል፤ ካልፈነዳ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተሙም በየአገሩና በየዘመኑ ስለሚለያይ፥ ሊያነበው ለሚችል ሰው እንደ ልደት ወረቀት ነው።

በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የቤልጅግ ማኅተም ነው፤ ሊዬዥ የተባለው የቤልጅግ ከተማ ለዓለም ሁሉ ርካሽ ጠመንጃ የሚሠራ ነበርና። የሊዬዥ ማኅተም በዕንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፥ ኤል፥ ጂ የተባሉ ሦስት የላቲን ፊደላትና ኮከብ ያሉበት ነው፤ ከ1810 ጀምሮ ተሠርቶበታል። በ1893 ግን ከዕንቁላሉ በላይ ዘውድ ተጨመረበት። ይህች ትንሽ ዘውድ ትልቅ ክርክር ትፈታለች። አንድ ቤተ ሰብ አያታችን በእምባቦ የተዋጋበት ነው ብሎ የሚያሳየው ጠመንጃ በማኅተሙ ላይ ዘውድ ካለበት፥ ነገሩ ሊሆን አይችልም፤ እምባቦ በ1874 ዓ.ም. ማለት በአውሮፓውያን በ1882 የሆነ ነው፤ ዘውዱ ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ቈይቶ የመጣ ነው። ነገር ግን ያው ጠመንጃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የሸለሙት ነው ቢባል የሚከለክለው የለም፤ ንጉሡ እስከ ጥር 1893 ዓ.ም. ነበሩና፥ ዘውዱ ከተጨመረበት ዘመን እስከ ዕረፍታቸው ሰባት ዓመት የሚያህል አለ። ዘውድ የሌለበት እንደ ሆነም ለእምባቦ ይደርሳል ማለት ብቻ ነው እንጂ እዚያ ነበረ ማለት አይደለም። ማኅተም ሐሰቱን ለመግለጥ ይበረታል፤ እውነቱን ለማጽናት ግን ብቻውን አይበቃም።

የእንግሊዝ ሥራም እንዲሁ ነው። የበርሚንግሃም ፈተና ቤት በ1813 በሕግ ቆመ፤ ማኅተሙም ዘውድ ያለባቸው ሁለት የተመሳቀሉ በትረ መንግሥታት ነበሩ። በ1904 ሥርዐቱ ተለውጦ ሌሎች ፊደላት ገቡ፤ እንግዲህ የ1904 ማኅተም ያለበትን ጠመንጃ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እጅ ማምጣት አይቻልም፤ በልጃቸው በራስ ኀይሉ ዘመን የገባ ቢባል ግን ይስማማል። ራስ ኀይሉ እስከ 1924 ዓ.ም. ጎጃምን የገዙ፥ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋራ አውሮፓን ያዩ ናቸውና። ከእንግሊዝ ምልክቶች አንዱ የሚያስደንቅ ነው። ከ1875 እስከ 1887 ድረስ አፋቸው ጠበብ ተደርጎ በተሠሩ ቧንቧዎች ላይ «ለድፍን አረር አይሆንም» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ይመታ ነበር። ያንን ቃል የማያነብ ጌታ በላዩ የተከለከለውን አረር እያጎረሰ ዕድሜውን ሙሉ ተኩሶበታል።

በቧንቧው ላይ 12 ወይም 16 የሚል ቍጥር የሚያገኝ ሰው ደግሞ ዓመት ወይም ዋጋ ይመስለዋል። የስፋቱ መለኪያ ነው። አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ እርሳስ፥ ይኸውም 453 ግራም ተኩል የሚያህለው፥ በ12 እኩል ድቡልቡል አረር ቢከፈል፥ አንዱ አረር ልክ የሚገባበት ቧንቧ 12 ይባላል፤ ስፋቱም 18 ሚሊሜትር ተኩል ነው። በ16 ቢከፈል አረሩ ያንሳልና ቧንቧውም ይጠብባል፥ 16.8 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ቍጥሩ በበዛ መጠን ጠመንጃው ይቀጥናል።

አሁን ደግሞ ለሕይወት ወደሚያሰጋው ነገር እንምጣ ሳይባል አይታለፍም፤ ይኸውም የደማስቆ ብረት የሚባለው ነው። በብዙ አሮጌ ሁለት አፍ ላይ ብረቱ እንደ ውኃ ሞገድ፥ ወይም እንደ ጥልፍ የተጠላለፈ መልክ ያሳያል፤ ባለቤቱም ይመካበታል። ስሙ ከጥንት የሶርያ ሰይፎች መልክ የመጣ ነው፤ ቧንቧው በሊዬዥ አቅራቢያ በቬስድር ወንዝ ሸለቆ፥ በእንግሊዝም አገር የተሠራ ነው። ሠራተኛው የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎችን በእሳት አጋጥሞ ይጠመዝዛል፤ የተጠመዘዙትን ጎን ለጎን አጋጥሞ እንደ ጥብጣብ ያደርጋል፤ ጥብጣቡን በዘንግ ላይ እየጠቀለለ በመዶሻ ይበይደዋል። እንግዲህ ቧንቧው ከዳር እስከ ዳር ብየዳ ነው። በመጨረሻ በአሲድ ሲታጠብ ብረቱና አረብ ብረቱ ቀለማቸው ስለሚለይ ጥልፉ ይወጣል። ሥራው እጅግ የሚደነቅ ነው፤ በመልካም እጅ የተሠራውም ጠንካራ ነው። ዳሩ ግን በብየዳው ስፌት ውስጥ በዘመናት ብዛት ዝገት ገብቶ እንደ ሆነ በውጭ አይታይም።

በዚህ ላይ የባሩዱ ነገር ይጨመራል። ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ጢስ የለሹን ባሩድ አወጣ፤ ከዚያ በፊት የነበረው አብዛኛው ጥቁር ባሩድ ነበር። ጥቁሩ በዝግታ ይገፋል፤ አዲሱ ግን ግፊቱ ሌላ ነው፤ ለጥቁሩ በተፈተነ ቧንቧ ውስጥ ቢተኰስ ሊያፈነዳውና የተኳሹን የግራ እጅ ሊወስድ ይችላል። የቀለሁም ርዝመት ወጥመድ አለበት፤ የቀድሞው የአውሮፓ ሁለት አፍ ብዙ ጊዜ 65 ሚሊሜትር ለሆነ ቀለህ የተበጀ ሲሆን፥ የዛሬው ቀለህ 70 ነው፤ ሲጎርስ የገባ ይመስላል፤ ሲተኰስ ግን አፉ ተዘርግቶ መንገዱን ያጠብበዋል። በሠርግና በልቅሶ ላይ አሮጌ ጠመንጃ አውርዶ መተኰስ የተለመደ ነውና፥ ይህን ነገር ለወጣቶቹ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። አዲስ ቀለህ የማይተኰስበት መሆኑን መንገር ብቻ ሳይሆን፥ ከፈተና ቤት ሰው ወይም ከታወቀ የጠመንጃ ሠሪ በቀር ይተኰስበታል የሚለውን ቃል ማንም እንዳያምን ማስረዳት ይገባል።

ስለ ሠሪው ስም ደግሞ ማታለል የበዛበት ነው። በቧንቧዎቹ መካከል ባለው ጠርዝ ላይ የእንግሊዝ ስም ተቀርጾ ሲገኝ፥ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ደስ ብሎት ለቤተ ሰቡ ይነግራል። ዌስትሊ ሪቻርድስ የተባለው ታላቅ የበርሚንግሃም ቤት ነበረ፤ የሊዬዥ ነጋዴዎች ግን «ደብልዩ ሪቻርድስ» የሚል ስም በርካሽ ጠመንጃ ላይ እየቀረጹ ለዓለም ገበያ ሸጡ። ስሙ በላይ እንግሊዝኛ፥ ማኅተሙ በታች ቤልጅጋዊ የሆነ እንደ ሆነ የሚታመነው የታችኛው ነው። የደማስቆውም ጥልፍ እንኳ አንዳንድ ጊዜ በቀለም የተሣለ ሐሰት ሆኖ ይገኛል፤ በማይታይ ስፍራ፥ ከሰደፉ እንጨት በታች፥ ጥልፉ መቋረጡ ይገልጠዋል።

አሮጌውን እንደ አዲስ መሸጥ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አልነበረም። ባለቅኔነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በ1885 መጨረሻ ከታጁራ ወደ አገሩ በጻፈው ደብዳቤ፥ ለንጉሥ ምኒልክ ሊወስደው ያለው ጠመንጃ ከአርባ ዓመት በፊት ከሠራዊት የወጣ፥ ባለ ቆብ አሮጌ መሣሪያ መሆኑን፥ በሊዬዥና በፈረንሳይ አሮጌ መሣሪያ ሻጮች ዘንድ ሰባት ወይም ስምንት ፍራንክ የሚያወጣው፥ በሸዋ አርባ የሚያህል ፍራንክ እንደሚሸጥ በግልጽ ተናግሯል። በ1879 ዓ.ም. ከብዙ ጠመንጃ ጋራ ሸዋ ደረሰ፤ ግን ያሰበውን ትርፍ አላገኘም፤ ንጉሡ የሟቹን የሸሪኩን ዕዳ ቈጥረው ዋጋውን ቀነሱበት። የራምቦ ዕቃ የወታደር ነጠላ ጠመንጃ እንጂ ሁለት አፍ አልነበረም፤ ሆኖም ነገሩ ስለ ዋጋ ብዙ ያስተምራል፤ በዚያ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባ መሣሪያ ሁሉ የገባበትን ዓመት የተሠራበት ዓመት አድርጎ የሚቈጥር ሰው አርባ ዓመት ሊስት ይችላል።

እንግዲህ ዋጋው ስንት ነው የሚለው ወራሽ ሁለት ዐይነት መልስ ይሰጠዋል። በሰብሳቢዎች ገበያ ዋጋን የሚያወጣው የሠሪው እውነተኛ ስም፥ የብረቱ ደኅንነትና ዕቃው እንደ ተሠራ መቈየቱ ነው። ስም የሌለው የሊዬዥ ሥራ፥ ይልቁንም ሰደፉ ተሰብሮ በጠፍር የታሰረ፥ መዶሻው የተለወጠ፥ በዚያ ገበያ ብዙ አያወጣም። በአሸዋና በአመድ ፈግፍጎ ማሳመርም ዋጋውን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ማኅተሙን ያጠፋል፥ የደማስቆውንም መልክ ያደበዝዛል። በጨርቅ ጠርጎ ጥቂት ዘይት መቀባት ይበቃዋል። ያው በጠፍር የታሰረ ሰደፍ ግን ለአገር ታሪክ ከፍ ያለ ዋጋ ሊኖረው ይችላል፤ በማን እጅ እንደ ታሰረ የሚታወቅ ከሆነ። በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. ጣሊያን የጎጃምን ሰው መሣሪያ አስረክብ ብሎ ባስጨነቀው ጊዜ ብዙ ሰው ከሚያስረክብ በምድር መቅበርን መረጠ፤ ከሸፈተበትም ምክንያት አንዱ ይኸው ነበር። በአፈር ውስጥ ቈይቶ የወጣ ጠመንጃ ዝገቱ ሳይቀር ታሪክ ነው፤ የቀበረው ሰው፥ የተቀበረበት ስፍራና የወጣበት ዓመት ግን አብረው ካልተጻፉ፥ ዝገት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በጽሑፍ የተደገፈ ምስክርነት ምን እንደሚመስል ለማወቅ የዐፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥ ማሰብ ይበቃል። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስለ ተደረገው ቸርነት ምስጋና የላከችው መሆኑ በላዩ በብር ተቀርጾ ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን በርሱ በገደሉ ጊዜ፥ የገቡት ወታደሮች ሽጉጡን አንሥተው ከማን ለማን እንደ ተሰጠ ወዲያው አነበቡ። በጎጃም ቤቶች የተሰቀለው ሁለት አፍ ይህን የመሰለ ጽሕፈት የለውም፤ ያለው የሽማግሌ ቃል ነው። የሽማግሌ ቃል አይናቅም፤ ነገር ግን ሽማግሌው ከማን እንደ ሰማ፥ ያም ሰው በዚያ ዘመን ሕፃን ይሁን ጎልማሳ ይጠየቃል።

ወራሾቹ ከተስማሙ የሚሻለው ጠመንጃው ለአንዱ እንዲቀር፥ እርሱም ለሌሎቹ በከብት ወይም በገንዘብ እንዲክስ ማድረግ ነው፤ ሴቶች ልጆችም ከዚህ አይወጡም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለልጆች ሁሉ እኩል ድርሻ ሰጥቷልና። የሚይዘውም ሰው መሣሪያው አሮጌ ነው፥ አይተኰስም ብሎ ዝም እንዳይል፥ ስለ ጦር መሣሪያ በ1177/2012 ቍጥር የወጣውን ዐዋጅ አስታውሶ ለሚመለከተው ሹም ማስታወቅ አለበት። ከዚያም ፊደል የሚያውቅ አንድ ቄስ ወይም ተማሪ በወረቀት ላይ የቧንቧውን ርዝመት፥ የስፋቱን ቍጥር፥ ማኅተሞቹን እንደሚታዩ በሥዕል፥ በጠርዙ ላይ ያለውን ስም፥ ቀጥሎም ሽማግሌዎቹ ስለ ጠመንጃው የተናገሩትን እያንዳንዱን በስሙ ለይቶ ይጽፋል፤ ከብረቱ የተነበበውና ከሰው የተሰማው ሳይደባለቁ በየረድፋቸው ይቀመጣሉ፤ ወረቀቱም ከርስቱ ደብዳቤ ጋራ በአንድ ሣጥን ይገባል።